አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ልብ የሚነካው ለምንድን ነው? ስሜቱንስ ማመን ይገባል?

ጥያቄ፦ «የታሪክ መምህርት ነኝ። በ1993 በሱዳን የተነሳውን፣ በረሃብ የደከመ ሕፃንና ከኋላው የቆመ ጥንብ አንሳ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ካየሁ ወዲህ ምስሉ ከዓይኔ ሊጠፋ አልቻለም። በዜና የብዙ ሺህ ሰዎችን ሞት ስሰማ ግን ያን ያህል አልደነግጥም፤ ይህም ያሳፍረኛል። አንድ አሮጌ ፎቶ ይህን ያህል ኃይል ከየት ያገኛል? የሚያሳድርብኝን ስሜትስ ልመነው? እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ለተማሪዎቼ ማሳየትስ ተገቢ ነው?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሦስት ቢመስልም ሥሩ አንድ ስለሆነ በአንድነት እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እንደ እኔ እምነት፣ ፎቶግራፍ ልባችንን የሚይዝበት ኃይል በአብዛኛው የሚመነጨው ከሚያስቀረው ነገር ነው። ካሜራ ከአንድ ድርጊት ውስጥ የሰከንድ ክፋይ ቆርጦ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላም ምን እንደሆነ አይናገርም። የሰው አእምሮ ደግሞ ያልተቋጨ ነገር ዕረፍት ስለሚነሣው ክፍተቱን ከራሱ ፍርሃት፣ ከራሱ ልጆች፣ ከራሱ ጸጸት እየቀዳ ይሞላዋል። የተሰማዎት ስሜት እውነተኛ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ ከእርስዎ የወጣ ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ስሜት የሚመሰክረው ስለ እርስዎ ነው፤ በዚያች ቀን በዚያ ስፍራ ስለተፈጸመው ነገር ምስክር ሊሆን አይችልም። የፎቶግራፍ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከምንም በላይ የሚያስቸግራቸው እነዚህን ሁለቱን ለይቶ መያዝ ነው።

በቅድሚያ ስለ ኀፍረትዎ ልናገር። በ2007 ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ለአንደኛው ወገን ማሊ ውስጥ የምትኖር የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፎቶና ታሪክ፣ ለሌላው ወገን ደግሞ በአፍሪካ ስለተራቡ ሚሊዮኖች የሚናገሩ አኃዞች ሰጥተው እያንዳንዱ ሰው ለዕርዳታ ምን ያህል እንደሚለግስ ተመለከቱ። የልጅቷን ታሪክ ያገኙት ሰዎች አኃዙን ካነበቡት ከእጥፍ በላይ ሰጡ። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ውጤት ነው፤ የልጅቷ ታሪክና አኃዙ አንድ ላይ የቀረቡላቸው ሰዎች፣ ልጅቷን ብቻ ካዩት በጣም ያነሰ ለገሱ። የሚሊዮኖቹ ቁጥር ከጎኗ ሲቀመጥ ለእርሷ የነበረው ርኅራኄ ራሱ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ በእርስዎ ላይ የደረሰው የልብ ድንዳኔ አይደለም። ቁጥር ፊት የለውም፤ እኛ የምናዝነው ደግሞ ለፊት ነው።

ይህን አስቀድመው በልባቸው ያወቁ ሰዎች ተመራማሪዎች ስም ሳያወጡለት በፊት ሠርተውበታል። በ1904 ኮንጎ ውስጥ ባሪንጋ በተባለ የሚስዮን ጣቢያ ትኖር የነበረችው እንግሊዛዊት አሊስ ሲሊ ሃሪስ ያነሳችው ፎቶ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ንሳላ የተባለ አባት በበረንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ፊቱን ወደ ካሜራው አላዞረም፤ ከፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ያያል። ከኋላው ጥቂት ሰዎች ቆመዋል። ተመልካች መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በአባትየው አቀማመጥ ላይ ነው፤ የተጎነበሰው ትከሻ፣ የሰከነው ገላ። ወለሉ ላይ ያሉት ምን እንደሆኑ የሚገባው ቆይቶ ነው። የአምስት ዓመት ልጁ የተቆረጡ እጅና እግር ናቸው። መንደራቸው ከጫካ እንዲሰበስብ የተጣለበትን የጎማ ኮታ ባለማሟላቱ ጎማውን የሚያሰበስበው ኩባንያ ዘበኞች ገድለዋታል። በፎቶው ውስጥ የሚፈስ ደም የለም፣ መሣሪያ የያዘ ሰው የለም፣ የሚጮህም የለም። ጭካኔው ሁሉ ከፍሬሙ፣ ማለትም ከፎቶው ድንበር፣ ውጭ ስለቀረ ተመልካቹ በገዛ አእምሮው ሊያየው ይገደዳል፤ ይህንንም አንዴ ካየ በኋላ ሊረሳው አይችልም።

አሊስና ባለቤቷ ጆን እነዚህን ፎቶዎች በብርሃን ማሳያ መሣሪያ ግድግዳ ላይ እያሳዩ በብሪታንያና በአሜሪካ አዳራሾች ንግግር አደረጉ፤ በ1908ም የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ እንደ ግል ርስቱ ይገዛው የነበረውን ኮንጎን ለቤልጂየም መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። ፎቶው ብቻውን ይህን አደረገ ማለት አይቻልም። የብሪታንያው ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት በ1904 ያወጣው ሪፖርት ነበረ፤ ዘመቻውን የሚመራ ማኅበርም ነበረ። ያም ሆኖ ሪፖርቱን ያላነበበ ሰው እንኳ የንሳላን ትከሻ አይቷል፤ በዚያ ላይ ተናጋሪዎቹ የሟቿ አባት ማን እንደሆነ፣ ዘበኞቹን ማን እንደላካቸው፣ ጎማው የት እንደሚሄድ ፎቶው ፊት ቆመው ይናገሩ ነበር። ክፍተቱ በእውቀት ተሞላ። ይህ ነጥብ በኋላ ስለ ተማሪዎችዎ ስናገር ይመለሳል።

አሁን እርስዎ ወዳዩት ፎቶ ልምጣ። ፎቶውን ያነሳው ደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን ካርተር ነው፤ ስፍራው ዛሬ በደቡብ ሱዳን የሚገኘው አዮድ ሲሆን፣ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በማርች 26 ቀን 1993 አተመው። አንባቢዎች «ሕፃኑ ምን ሆነ?» እያሉ በመወትወታቸው ጋዜጣው በቀናት ውስጥ የአርታዒ ማስታወሻ ለማውጣት ተገደደ። ፎቶውን አስፈሪ ያደረገው ብቸኝነቱ ነው፤ ደረቅ መሬት፣ ግንባሩን ወደ መሬት የደፋ ሕፃን፣ የምትጠብቅ አሞራ፣ ሌላ ማንም የለም። ይህን ብቸኝነት የፈጠረው ግን ፍሬሙ ነው። ከፍሬሙ ውጭ የምግብ ማደያ ጣቢያ ነበረ፤ ወላጆች ዕርዳታ ለመቀበል የሚጋፉበት ሰዓትም ነበረ። ሕትመቱ ጥራት ያለው ከሆነ በሕፃኑ እጅ ላይ ነጭ የፕላስቲክ አምባር ይታያል፤ ይህም ስሙ በማደያው መዝገብ ላይ መስፈሩን የሚያመለክት ነው። በ2011 የስፔን ጋዜጠኞች ያነጋገሩት አባት ሕፃኑ ወንድ እንደነበረና ከዚያ ረሃብ ተርፎ እንዳደገ ተናግሯል።

ይህን መስማት የረሃቡን ግዙፍነት አያሳንሰውም። በዚያ ዓመት በዚያ ምድር ብዙ ሕፃናት ሞተዋል፤ ፎቶውም ስለ እነርሱ እውነት ይናገራል። ስለ አንዱ ሕፃን ግን የእኛ ምናብ የጨመረው ብዙ ነገር ነበር። ከዚያም የባሰ ሌላ ነገር ተከተለ። ተመልካች በዚህ ፎቶ ፊት ምንም ማድረግ አለመቻሉ ያንገበግበዋል፤ ያንንም ንዴት የሚጥልበት ሰው ይፈልጋል፤ በቅርብ ያገኘው ደግሞ ፎቶ አንሺውን ነው። «ሕፃኑን ለምን አልረዳውም?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎች የጠየቁት ግን ከራሳቸው ኀፍረት ለማምለጥ ይመስለኛል። ካርተር በ1994 የፑሊትዘር ሽልማት ካገኘ ከጥቂት ወራት በኋላ ራሱን አጠፋ። ሞቱን ከዚህ አንድ ፎቶ ጋር ብቻ አያይዞ መተረክ ትክክል አይደለም። የቅርብ ጓደኛው ኬን ኡስተርብሩክ በዚያው ዓመት በሥራ ላይ እያለ ተገድሎበት ነበር፤ የገንዘብ ችግርና በየጦር ሜዳው ያያቸው ግድያዎች ትዝታም አድክመውት እንደነበር ራሱ በተወው ማስታወሻ ጽፏል።

ክፍተቱ ፍርድን እስከምን ሊያዛባ እንደሚችል ለማየት ኤዲ አዳምስ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 በሳይጎን ጎዳና ላይ ያነሳውን ፎቶ ማስታወስ ይበቃል። የደቡብ ቬትናም ፖሊስ አዛዥ ጄኔራል ንጉየን ንጎክ ሎአን ክንዱን ዘርግቶ እጆቹ ወደ ኋላ በታሰሩ ሰው ጭንቅላት ላይ ሽጉጥ ይተኩሳል፤ የተያዘው ሰው ፊት ተጨማዷል። በዚያው ቅጽበት የቴሌቪዥን ካሜራም ድርጊቱን ይቀርጽ ነበር፤ ፊልሙ ሰውየው ወድቆ ደሙ እስኪፈስ ድረስ ያሳያል። ዓለም በልቡ የያዘው ግን የቆመውን ምስል ነው። ፊልም ድርጊቱን ይጨርሰዋል፤ ፎቶው ግን ሰውየውን በሞትና በሕይወት መካከል ለዘላለም ያቆመዋል፣ ተመልካቹም ባየው ቁጥር ሊያስጥለው እየፈለገ ሳይችል ይቀራል። ከፍሬሙ ውጭ የቀረው በከተማዋ ውስጥ እየተካሄደ የነበረው የቴት ጥቃት የተባለው የኮሚኒስቶች ድንገተኛ ዘመቻ፣ የሟቹ የቬትኮንግ (የደቡብ ቬትናምን መንግሥት ይወጋ የነበረ የኮሚኒስት ተዋጊ ቡድን) አባልነትና በእርሱ ላይ የቀረበው የግድያ ውንጀላ ነው። እስረኛን ያለ ፍርድ መግደል ይህ ሁሉ ቢታወቅም ወንጀል ነው፤ በዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው። ሆኖም ፎቶው አንድን ሰው ከሕይወቱ ሁሉ በአንዲት ቅጽበት ብቻ እንድንመዝነው አድርጎናል። ጄኔራሉ ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ምግብ ቤት ከፍቶ ሲኖር እንኳ ምስሉ ተከትሎታል። አዳምስ ራሱ ጄኔራሉ በ1998 ሲሞት በጻፈው ጽሑፍ፣ ጄኔራሉ ቬትኮንጉን እንደገደለ፣ እርሱ ደግሞ በካሜራው ጄኔራሉን እንደገደለ ተናግሯል፤ ፎቶግራፎች ግማሽ እውነት ብቻ እንደሆኑም ጨምሮ ጽፏል።

እስካሁን ያነሳኋቸው ፎቶዎች የሞት ናቸው። የዶሮቲያ ላንግ «ስደተኛ እናት» ግን ያለ ሞት ልብ ይሰብራል። በ1936 በካሊፎርኒያ ኒፖሞ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር ውስጥ የተነሳ ሲሆን፣ የ32 ዓመቷ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን የእጇን ጣቶች ጉንጯ ላይ አሳርፋ ርቃ ታያለች፤ ሁለት ልጆች ፊታቸውን ከካሜራው አዙረው በትከሻዎቿ ላይ ተደግፈዋል፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ተኝቷል። የልጆቹ ፊት አለመታየቱ የፎቶው ትልቁ ብልሃት ነው፤ ፊታቸው ቢታይ የእነርሱ ልጆች ይሆኑ ነበር፣ ፊታቸው ሲሰወር የእያንዳንዱ ተመልካች ልጆች ሆኑ። ላንግ የሴትዮዋን ስም አልጠየቀችም። በኔጋቲቩ ቀኝ ግርጌ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ይታይ ስለነበር፣ ዓይን ይስባል በሚል በኋላ አስጠፋችው። ፎቶው በጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት 20,000 ፓውንድ የሚመዝን ምግብ ወደ ሰፈሩ ላከ፤ ቶምሰንና ልጆቿ ግን ምግቡ ሲደርስ ሄደው ነበር። ከምስሉ ጋር የተሠራጨው ማስታወሻ ቤተሰቡ የመኪናውን ጎማ ሸጦ ምግብ እንደገዛ ሲል፣ ልጇ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚሸጥ ጎማ እንዳልነበራቸው ተናግሯል። ቶምሰን ማንነቷ በ1978 ሲታወቅ ከፎቶው አንዲት ሳንቲም አለማግኘቷንና መነሳቷንም እንደምትጸጸት ገልጻለች። በ1983 በጠና ታማ ልጆቿ ለሕዝብ ሲለምኑ ግን ከ30,000 ዶላር በላይ ተዋጣላት፤ ከገንዘቡ ጋር በመጡት ደብዳቤዎች ውስጥ ሰዎች ያ ፎቶ በሕይወታቸው ምን እንደሆነላቸው ጽፈው ነበር። ልጆቿ በመጀመሪያ እንደ ውርደት ያዩትን ምስል በሌላ ዓይን ማየት የጀመሩት እነዚያን ደብዳቤዎች ካነበቡ በኋላ ነው።

በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ከፎቶው በኋላም መኖሩን እኛ ተመልካቾች በጣም በቀላሉ እንረሳለን። በጁን 16 ቀን 1976 በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ በተማሪዎች ተቃውሞ ላይ ሳም ንዚማ ያነሳው ፎቶ ይህን በብርቱ ያስተምራል። ምቡይሳ ማክሁቦ የተባለ ወጣት በፖሊስ ጥይት የተመታውን የ12 ዓመቱን ሄክተር ፒተርሰንን በሁለት እጆቹ ተሸክሞ ይሮጣል፤ የሄክተር እህት አንቷኔት የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች መዳፏን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ከጎኑ ትሮጣለች። ልብ ብለው ካዩት ስሜቱን የሚሸከመው የእርሷ እጅ ነው፤ «አቁሙ» ይሁን «እርዱን» አይታወቅም፣ ወደ እኛ ግን ተዘርግቷል። ንዚማ ፖሊሶች እንዳይወስዱበት ፊልሙን ካልሲው ውስጥ ደብቆ አወጣው። ፎቶው በማግስቱ በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ንዚማ ግን ሥራውን ትቶ ለመሸሽ ተገደደ፣ በኋላም ከቤቱ እንዳይወጣ ታገደ። የፎቶው ባለቤትነት መብት የተመለሰለት በ1998 ነው። ማክሁቦ ከሀገር ተሰደደ፤ በ1978 ከናይጄሪያ ለእናቱ ከጻፈው ደብዳቤ በኋላ ወሬው ጠፋ። አንድ የቆሰለ ልጅ ስለተሸከመ ብቻ በገዛ ሀገሩ የተፈለገ ወጣት! ስለ ሄክተር ካለቀስን ስለ ማክሁቦም ማልቀስ ይገባን ነበር፤ ግን ፎቶው ስለ እርሱ የሚነግረን ሮጦ መሄዱን ብቻ ነው።

ስሜቱ ከዘመን ጋር እንደሚለዋወጥም ይወቁ። አልፍሬድ አይዘንስታት በኦገስት 14 ቀን 1945 በኒው ዮርክ ታይምስ አደባባይ ያነሳው፣ አንድ መርከበኛ ነጭ የለበሰች ሴት ሲስም የሚታይበት ፎቶ ለአሥርተ ዓመታት የጦርነት ማብቂያ ደስታ ምልክት ነበር። ሴትዮዋ እንደሆነች የሚታመነው ግሬታ ዚመር ፍሪድማን መሳሙ የእርሷ ምርጫ እንዳልነበረ፣ ሰውየው ድንገት መጥቶ እንደያዛት ከተናገረች በኋላ ግን ብዙ ሰው የመርከበኛውን ክንድ አጥብቆ መያዝ ማስተዋል ጀመረ። ፎቶው አልተለወጠም፤ ክፍተቱን የምንሞላበት ነገር ተለወጠ። የአድናቆት ስሜት እንኳ ከዚህ አያመልጥም፤ ቢል አንደርስ በዲሴምበር 24 ቀን 1968 ጨረቃን ይዞር ከነበረው የአሜሪካ መንኮራኩር ከአፖሎ 8 ያነሳው፣ መሬት ከጨረቃ አድማስ ብቅ ስትል የሚያሳየው ፎቶ ብዙ ጊዜ የጨረቃን ገጽ ከታች አድርጎ ይታተማል፤ አንደርስ ግን የጨረቃን ገጽ ያየው በጎን በኩል እንደ ግድግዳ ቆሞ ነው። ለእኛ እንደ ንጋት እንዲመስል የተደረገው በማዞር ነው።

እንግዲህ ስሜቱን ልመነው ወይ ላሉት፣ ይመኑት፤ ግን ብዙ እንደማይቆይ አውቀው ይጠቀሙበት። በሴፕቴምበር 2 ቀን 2015 በቱርክ ቦድሩም አቅራቢያ ባሕር ላይ ሰጥሞ በባሕር ዳርቻ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘውን ትንሹን የሶርያ ስደተኛ አላን ኩርዲን ያስታውሱታል፤ ቀይ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ቁምጣ፣ ወደ እኛ የዞረው የትንንሽ ጫማዎቹ ሶል። እነዚያን ጫማዎች ያጠለቀለት ሰው እንደነበር ማሰብ ብቻ ይበቃል። ፖል ስሎቪችና ባልደረቦቹ በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ የስዊድን ቀይ መስቀል ለስደተኞች በከፈተው የዕርዳታ ማሰባሰቢያ በየቀኑ የሚለግሱት ሰዎች ቁጥር ፎቶው በወጣ ሳምንት ከቀደመው ሳምንት ከመቶ እጥፍ በላይ እንደጨመረና ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ደረጃ እንደተጠጋ አሳይተዋል። የሶርያ ጦርነት ከዚያ በፊት ለዓመታት ሲነገር የነበረ ነው። ከዚያው ጥናት ተስፋ የሰጠኝ ሌላ ነገር ነው፤ በእነዚያ ቀናት በየወሩ ለመስጠት የተመዘገቡት ሰዎች በአብዛኛው ጸንተው መስጠታቸውን ቀጥለዋል። ስሜቱ ትኩስ ሳለ ራሳቸውን በቃል ያሰሩ ሰዎች፣ ስሜቱ ከበረደ በኋላም ቃላቸው ይዟቸዋል። ስለዚህ አንድ ፎቶ ሲያስለቅስዎ ማድረግ የሚፈልጉትን ነገር በዚያው ሳምንት ያድርጉት።

ስለ ተማሪዎችዎ፦ ማሳየት ተገቢ ነው፤ አብዝቶ ማሳየት ግን አይደለም። በ1955 በአሜሪካ ሚሲሲፒ በነጭ ዘረኞች የተገደለው የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ የኤመት ቲል እናት ማሚ ቲል የልጇ ሳጥን ተከፍቶ ሕዝቡ የደረሰበትን እንዲያይ አዘዘች፤ ጄት መጽሔትም የተጎዳውን ፊት አተመ። ያ ፎቶ እንዲታይ የፈቀደችው እናት ናት፤ ስለዚህ ስናየው ፈቃዷን እየፈጸምን ነው። ቶምሰንም ሆነ የአዮዱ ሕፃን ቤተሰብ ግን አልተጠየቁም። ይህን ልዩነት ለተማሪዎች ግልጽ አድርጎ መንገር የሚገባ ይመስለኛል፤ ወጣቶች ስለ ፈቃድ ጉዳይ ከምናስበው በላይ በጥልቀት ያስባሉ።

አንድ ፎቶ መርጠው ሙሉውን ሰዓት ይስጡት። በመጀመሪያ ያለ መግለጫ ጽሑፍ ያሳዩና የሚታየውን ብቻ እንዲጽፉ ያድርጉ፤ «ፈርታለች» ሳይሆን «አፏ ተከፍቷል» ብለው እንዲጽፉ አጥብቀው ይጠይቁ። ቀጥሎ የተሰማቸውን ይጻፉ። መግለጫውንና ከፍሬሙ ውጭ የቀረውን የሚነግሯቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም የትኛው ስሜታቸው እንደጸና፣ የትኛው እንደተለወጠ እርስ በርስ ይወያዩ። በጁን 8 ቀን 1972 በቬትናም ትራንግ ባንግ ናፓልም የተባለው ተቀጣጣይ ቦምብ ልብሷን አቃጥሎባት የምትሮጠው የኪም ፉክ ፎቶ ለዚህ ልምምድ በጣም ይመቻል፤ ብዙ ጊዜ የምናየው ተከርክሞ ሲሆን፣ ሙሉው ፍሬም በቀኝ በኩል ካሜራው ላይ ያቀረቀረ ሌላ ፎቶ አንሺን ያሳያል። የልጅቷ ስቃይ ያው ሆኖ ሳለ የተማሪዎቹ ስሜት ግን ሁለቱን ካዩ በኋላ ይለያያል፤ ለምን እንደተለያየ ራሳቸው ሲያብራሩ እርስዎ ብዙ መናገር አያስፈልግዎትም። ለታናናሾቹ የሶዌቶውን ፎቶ ቢያስቀድሙ እመርጣለሁ፤ በውስጡ የሚረዳ ሰው አለና፣ የሚጠይቁትም ስለ እርሱ ነው። ከክፍሉ ውስጥ ማየት አልፈልግም የሚል ተማሪ ካለ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ይፍቀዱለት፤ ሌሎቹ የጻፉትን መግለጫ ሲያነቡ ሰምቶ በውይይቱ ይሳተፍ።